ከፎቶው ሥር ስሟ የለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ጋዜጣችሁን እንደ ሌላው ሰው ከፊት ገጽ አልጀምርም። ገልብጬ ከፊልም ገጹ ነው የምጀምረው። የእንጀራ ነገር ነው። የድምፅ ተዋናይ ነኝ። የውጭ ፊልሞች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ከአንዳንዶቹ ሴቶች አፍ የሚወጣው የኔ ድምፅ ነው። ፊቴን አታውቁትም። ድምፄን ግን ሳይታወቃችሁ ለምዳችሁት ይሆናል። እናት ሆኛለሁ፤ አማት ሆኛለሁ፤ ነርስ፣ ዳኛ፣ ነፍሰ ገዳይ ሆኛለሁ። አንዴ ድመት ሆኜ ሁለት ቀን ጉሮሮዬን አሞኛል።

ባለፈው እትማችሁ ስለ ድሮ የሆሊውድ ጥቁር ተዋንያን የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይሄ ነው። ገረድ፣ አሽከር፣ ሰነፍ፣ ፈሪ እየሆኑ የተጫወቱት ወገናቸውን ሸጠዋል። እምቢ ማለት ሲገባቸው እሺ አሉ። ክብሩን የሚያውቅ ተዋናይ እንዲህ ያለ ስክሪፕት ሲሰጡት ቀዶ ይጥላል።

ንዴታቸው ይገባኛል። ከጽሑፉ ግማሹን ይዤ ልፈርምበትም እችላለሁ። ግን አንድ ነገር ጎድሎታል፤ ትወናው። ስለ ስክሪፕቱ ጻፉ፣ ስለ ስቱዲዮዎቹ ጻፉ፣ ስለ ክፍያውም ጻፉ። ካሜራው ፊት የቆመችው ሴት ምን እንዳደረገች ግን አንድ መስመር የለም። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን የጨረስኩት እሱኑ በማየት ነው። ከጽሑፉ ጋር ስላወጣችሁት ፎቶም የምለው አለኝ። እሱ ይቆየን።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ።

ከዓመታት በፊት አንድ የቆየ የአሜሪካ ፊልም ደረሰን። ርዕሱን አልጠራውም። ውስጡ አንዲት ጥቁር የቤት ሠራተኛ አለች። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ትሪ ከእጇ የማይለይ። ሥራውን የሚመራው ሰው «እስቲ አስቂኝ አድርጊያት። ትንሽ ገጠር ገጠር ትበል» አለኝ። እሺ አልኩ። ድምፄን አወፈርኩ። ቃላቱን ጎተትኩ። ስክሪፕቱ ላይ የሌለ «ውይ ውይ፣ ኧረ እኔን» ሁሉ ጨመርኩበት። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ሳቀ። ጎበዝ ተባልኩ። እኔም ደስ አለኝ፤ መዋሸት አልፈልግም።

ነገሩ የተበላሸው ቀረጻውን ከምስሉ ጋር ስናየው ነው። በኛ ሥራ ከሁሉ በፊት የሚታየው አፍ ነው። አፉ ሲከፈት እንጀምራለን፣ ሲዘጋ እንዘጋለን። የሴትየዋ አፍ ተዘግቶ የኔ ድምፅ ይሰማል። የት ጋ እንደተሳሳትኩ ለማወቅ ድምፁን አጥፍተን ምስሉን ብቻ ደጋግመን አየን። ያኔ ጉዴ ታየኝ። ሴትየዋ ምንም አስቂኝ ነገር አታደርግም። እመቤቲቱ ስታዛት ቶሎ አትመልስም። ትሪውን ታስቀምጣለች። ቀና ትላለች። ሴትየዋን ታያታለች። «እሺ እመቤቴ» የምትለው ከዚያ በኋላ ነው። ቃሉ የታዘዘች ሴት ቃል ነው። ከቃሉ በፊት ያለችው ፋታ ግን «ሰምቼሻለሁ፤ ምን ያህል ሞኝ እንደሆንሽም አይቻለሁ» ትላለች። እኔ ያቺን ፋታ በ«ውይ ውይ» ደፍኛት ነበር።

እንደገና እንቅዳው ብዬ ለመንኩ። ጊዜ የለም ተባለ። እንደዚያው ወጣ። ትዝ ሲለኝ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ይግላል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ያዝኩ። እንዲህ ዓይነት ፊልም ሲገጥመኝ መጀመሪያ ድምፁን አጥፍቼ አየዋለሁ። ቃሉ የጸሐፊው ነው። ልብሱን ስቱዲዮው ሰፍቶ አምጥቶታል፤ «ልክሽ ይሄ ነው» ብሎ። ካሜራው የዳይሬክተሩ ነው። ለተዋናይዋ የምትተርፈው ያቺው ፋታ ናት። ቶሎ ልመልስ ወይስ ላቆየው? ልየው ወይስ ልለፈው? እነዚህን ማንም አይጽፍላትም። ሰምና ወርቅ ነው ልል ነበር። ግን ነገር ሁሉ ሰምና ወርቅ ሲባል ስለሰለቸኝ ትቼዋለሁ።

አንድ ምሳሌ ላምጣ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) «አሊስ አዳምስ» የ1935 ፊልም ነው። ካትሪን ሄፕበርን ሀብታም ለመምሰል የምትጣጣር የደሀ ቤት ልጅ ሆና ትጫወታለች። የወደደችውን ሀብታም ወጣት እራት ይጠሩታል። ድህነታቸው እንዳይታይባቸው ለአንድ ምሽት ብቻ የቤት ሠራተኛ ይቀጥራሉ። የተቀጠረችው ሃቲ ማክዳንኤል ናት። ሌሊቱ በሙቀት ይነዳል። ምግቡ ደግሞ የሚያቃጥልና ከባድ። ሠራተኛዋ ማስቲካ ታኝካለች። ቆቧ እየተንሸራተተ ግንባሯ ላይ ይወርዳል።

ወረቀት ላይ ቀልዱ ግልጽ ነው። ማስተናገድ የማታውቅ፣ ዝርክርክ ጥቁር ሴት። ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። ሳህኑን ይዛ እንግዳው አጠገብ ስትቆም አትቸኩልም። ማስቲካዋን አንዴ ታላምጣለች። ዓይኗ ከምግቡ ወደ አባትየው፣ ከአባትየው ወደ እናትየው ይሄዳል። ስንት ትልቅ ቤት አይታለች። ይሄኛው ትልቅ ቤት እንዳልሆነ አውቃለች። በዚያ ክፍል ውስጥ የማታስመስለው እሷ ብቻ ናት። ትዕይንቱ ሲያልቅ የምንስቀው በቤተሰቡ ነው። ይሄ ከስክሪፕቱ ብቻ የመጣ አይመስለኝም። ማላመጡንና መቆሙን ያመጣችው እሷ ናት።

ከ4 ዓመት በኋላ ያቺው ሴት «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ላይ ተጫወተች። መጽሐፉን በአማርኛ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ነው የምናውቀው። ጸሐፊያችሁ ይህን ፊልም የኀፍረት ማሳያ አድርገው አቅርበውታል። ፊልሙ ባርነትን ማር ቀብቶ እንደሚያቀርብ አልከራከርም። ባሪያዎቹ ጌቶቻቸውን ሲወዱ ነው የሚውሉት። የሷ ገጸ ባሕሪ ስም እንኳ የላትም፤ «ማሚ» ብቻ ናት። የማክዳንኤል አባት በባርነት የተወለዱ ሰው ነበሩ። ይሄንን ሁሉ ተሸክማ ነው ካሜራ ፊት የቆመችው።

ሕፃኗ ከሞተች በኋላ ያለውን የደረጃውን ትዕይንት ግን እንደገና ይዩልኝ። ማሚ የቤቱን ወዳጅ ሜላኒ የምትባለዋን ሴት ይዛ ደረጃውን ትወጣለች። እየወጣች ቤቱ ውስጥ የሆነውን ትነግራታለች። አባትየው ልጁን አላስቀብርም ብሎ ክፍሉን ዘግቷል። የዚያን ቤት ሐዘን በሙሉ ለተመልካች የምታደርሰው እሷ ናት። እርምጃዋንና እንባዋን እንዴት እንዳዛመደችው ለማወቅ እኔ ያንን ደረጃ ብዙ ጊዜ አብሬያት ወጥቻለሁ። አንድ ደረጃ ላይ ትቆማለች፣ ትውጣለች፣ ትቀጥላለች። ባለቤቶቹ ሐዘናቸውን መሸከም አቅቷቸው አገልጋይ የተባለችው ተሸክማዋለች።

በታኅሣሥ 1939 ፊልሙ አትላንታ ሲመረቅ ጥቁር ተዋንያኑ መገኘት አልቻሉም። ከተማው በዘር የተከፋፈለ ነበር። የካቲት 29 ቀን 1940 ኦስካር ስትሸለም፣ ከጥቁሮች የመጀመሪያዋ ሆና ማለት ነው፣ የተቀመጠችው ከፊልሙ ሰዎች ተለይታ ግድግዳ ሥር ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ነው። ሽልማቱ የተሰጠበት ሆቴል ጥቁር አያስገባም ነበር፤ እሷ የገባችው በልመና ነው።

የጸሐፊያችሁ ክርክር አዲስ አይደለም። የጥቁሮች መብት ተሟጋች ድርጅት የ«ኤን ኤ ኤ ሲ ፒ» መሪ የነበሩት ዋልተር ኋይት በ1940ዎቹ ሆሊውድ ድረስ ሄደው ይህንኑ ተከራክረዋል። ማክዳንኤልም መለሰችላቸው። ገረድ ከመሆን ገረድን መጫወት ይሻለኛል አለች ይባላል። ይህን ስትል ቀልድ አልነበረም። ከ1929 የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ ሚልዋኪ ውስጥ በአንድ የምሽት ክበብ የሴቶች መጸዳጃ ቤት አስተናጋጅ ሆና ሠርታለች።

እምቢ ያለችም አለች። አና ሜይ ዎንግ ሎስ አንጀለስ የተወለደች ቻይናዊት አሜሪካዊት ናት። በ1937 የወጣው «ዘ ጉድ ኧርዝ» ስለ ቻይና ገበሬዎች የሚያወራ ፊልም ነው። የዋናዋን ሴት ሚና ፈለገች። ለነጭ ተዋናይት ተሰጠ። ሉዊዝ ሬይነር ዓይኗ በሜካፕ ተስተካክሎላት ተጫወተችው፤ ኦስካርም ወሰደችበት። ለዎንግ የተሰጣት የቅምጧ የክፉዋ ሴት ሚና ነበር። አልፈልግም አለች። ልክ ነበረች፤ እኔም ብሆን እምቢ የምል ይመስለኛል። ያን ሚና ማን እንደወሰደው ግን እዩ። የኦስትሪያ ዳንሰኛ። ፊልሙ አልቀረም። የቀረችው ዎንግ ናት። «ቀዶ መጣል» ስንል ይህቺንም አብረን እንቁጠራት።

እዚህ ላይ እኛን በስም የሚነካ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ አንባቢ የሚያውቀው አይመስለኝም። ይህ «ልክሽ ይሄ ነው» የሚባለው ልብስ የተሰፋው ፊልም ከመፈጠሩ በፊት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ነጮች ፊታቸውን በተቃጠለ ቡሽ አጥቁረው፣ ከንፈራቸውን አግንነው ጥቁሮችን እያስመሰሉ ይዘፍኑና ይቀልዱ ነበር። ከታወቁት ቡድኖች አንዱ ስሙ «ኢትዮፒያን ሴሬናደርስ» ነበር። በ1844 ዋይት ሃውስ ገብተው ለፕሬዚዳንት ጆን ታይለር ተጫውተዋል። ለነሱ ኢትዮጵያ ማለት የቆዳ ቀለም ስም ነው፤ አገር መሆኗ ጉዳያቸው አይደለም። ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ።

ከዚያ የባሰው ደግሞ ይሄ ነው። ጥቁር ተዋናይም መድረክ ላይ ለመውጣት ፊቱን እንዲያጠቁር ይገደድ ነበር። ባሃማስ የተወለደው በርት ዊሊያምስ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው እንደዚያ ነው። የራሱ ጥቁረት አልበቃቸውም። በ1913 ከጥቁር ተዋንያን ጋር ሆኖ የሠራው ያላለቀ ፊልም ኒውዮርክ በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም መጋዘን ተገኝቶ ከመቶ ዓመት በኋላ በ2014 ታይቷል። ፊቱ የተቀባው እሱ ብቻ ነው። ሌሎቹ በራሳቸው ፊት ይስቃሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ይሽኮረመማሉ። እሱም ከፍቅረኛው ጋር ይሳሳማል። አስቂኙ ጭንብል እንደ ሰው ሲያፈቅር ማየት እንግዳ ነገር ነው። ያ ቀለም አንድ ሰው ለሁሉም ከለላ ሆኖ የከፈለው ግብር መሰለኝ።

ሁሉም ግን ሃቲ ማክዳንኤል አይደለም። ሊንከን ፔሪን፣ በመድረክ ስሙ ስቴፒን ፌቺትን ውሰዱ። የዓለም አንደኛ ሰነፍ እየተባለ ነው የሚተዋወቀው። ይጎተታል፣ ያጉተመትማል፣ ራሱን ያካል። በእውነቱ ግን ለጥቁሮች ጋዜጣ ለ«ቺካጎ ዲፌንደር» የጻፈ ሰው ነው። ፊልሙ ላይ ፊደል የማይለይ የሚመስለው ማለት ነው። ስንፍናው አመፅ ነበር የሚሉ አሉ። ባሪያ ጌታውን «አልሰማሁም፣ አልገባኝም» እያለ ሥራ እንደሚያበላሽበት ዓይነት። ድምፁን አጥፍቼ አየሁት። አላሳመነኝም። ፋታው ሞልቷል፤ ፋታው ውስጥ ግን ማንንም አያይም። የዚያ ዘመን ጥቁር ተመልካች የሚያየው ነገር ለኔ ሳይታየኝ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። እስካሁን ግን በዚህ ላይ ከጸሐፊያችሁ ጋር ነኝ።

አሁን ፋታ ስለማጥፋት ልንገራችሁ።

«ኢን ዘ ሂት ኦፍ ዘ ናይት»፣ 1967። ሲድኒ ፖይቲየር ቨርጂል ቲብስ የተባለ ከፊላደልፊያ የመጣ መርማሪ ነው። ሚሲሲፒ ውስጥ አንድ ሀብታም ባለ እርሻን አበቦቹ መካከል ቆሞ ይጠይቀዋል። ሰውዬው ጥያቄው አስቆጣውና በጥፊ ይመታዋል። ፖይቲየር መልሶ አጮለው። ስንት ሰከንድ አለፈ ብዬ ሰዓት ይዤ ልለካው ሞከርኩ። አይለካም። የድሮው አገልጋይ ክብሩን ፋታው ውስጥ ይደብቅ ነበር። ይሄኛው የሚደብቀው የለውም። ጥፊው ከእጁ የወጣው ሰውነቱ ሳያስብ ነው። ባለ እርሻው ደንግጦ ፖሊስ አዛዡን «ምን ልታደርግ ነው?» ይለዋል። «እንጃ» ይላል አዛዡ። ከጎን ደግሞ ትሪ የያዘ ጥቁር አሳላፊ ቆሟል። ስንት ፊልም ላይ ትሪ ይዞ የቆመው ያው ሰው ነው የሚመስለኝ። በዚህ ፊልም ጥፊው ሲመለስ ለማየት ቻለ።

ፖይቲየር ያ ጥፊ ከፊልሙ እንዳይቆረጥ አስቀድሞ ቃል አስገብቻለሁ ብሎ ተናግሯል። ደቡብ ሄጄ አልቀረጽም ስላለም አብዛኛው የተቀረጸው ኢሊኖይ ነው። አንድ ሰው ግን ሁልጊዜ ይረሳል። የካሜራው ባለሙያ ሃስከል ዌክስለር። መብራቱን ለፖይቲየር ቆዳ አስተካክሎ ነበር የሠራው። ከዚያ በፊት በነበሩት የቀለም ፊልሞች መብራቱ የሚለካው በነጩ ፊት ነው፤ ጥቁሩ ወይ ያንጸባርቃል ወይ ይጠፋል። ፊቱ የማይታይ ተዋናይ ፋታው ምን ያደርግለታል?

በኔ ሙያ በጣም የሚያስቀናኝ ግን ዱዌን ጆንስ ነው። በ1968 የወጣው «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» በትንሽ ገንዘብ የተሠራ፣ የሞቱ ሰዎች ተነስተው ሕያዋንን የሚበሉበት አስፈሪ ፊልም ነው። ስክሪፕቱ ላይ ቤን የሚባለው ዋና ሰው ጥቁር ነው የሚል ነገር የለም። ለኦዲሽን ከመጡት የተሻለው ጆንስ ስለነበር ተሰጠው። የተጻፈው ግን አፉ እንዳመጣ የሚናገር ባለጌ የጭነት መኪና ሹፌር ሆኖ ነው። ጆንስ የተማረ፣ ሲያስተምርም የኖረ ሰው ነው። እንዲህ አልናገርም አለ። ንግግሩን አስተካከለው። ሰውዬው የተረጋጋ፣ አረፍተ ነገሩን የሚጨርስ ሰው ሆነ። ሌሎቹ ሲጮኹ እሱ ጣውላ እየመረጠ በሩን ይቸነክራል። ነጩ አባወራ ሲደነፋ እሱ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አንድ ሰው በንግግሩ ልክ ብቻ ፊልሙን ወደ ሌላ ፊልም ቀየረው። እኔ «ገጠር ገጠር ትበል» ስባል እሺ ያልኩት ሴት ይህንን ሳይ ምን እንደሚሰማኝ ገምቱ። መጨረሻውን አልነግራችሁም። ካላያችሁት እዩት።

ይህ የጥቁሮች ጉዳይ ብቻም አይደለም። የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ሽማግሌ ፊልም ላይ እንዴት እንደሚቆም ሁላችንም እናውቃለን። እጁን አጣምሮ፣ አድማሱን እያየ፣ በተረት የሚናገር ድንጋይ። ቺፍ ዳን ጆርጅ እውነተኛ የነባር ሕዝብ አለቃ የነበሩ ካናዳዊ ናቸው። በ1970ው «ሊትል ቢግ ማን» ላይ ያንን ድንጋይ ይዘው አሳቁን። ሽማግሌው መሞቻዬ ዛሬ ነው ብለው ኮረብታ ላይ ይወጣሉ። በክብር ይጋደማሉ። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ዝናብ ፊታቸው ላይ መውረድ ይጀምራል። ረጅም ፋታ። ከዚያ «አሁንም እዚሁ ዓለም ላይ ነኝ?» ብለው ይጠይቃሉ። «አዎ አያቴ።» «ይሄንኑ ፈርቼ ነበር።» ይነሱና ወደ ቤት ይሄዳሉ። ለዚህ ሥራቸው ለኦስካር ታጭተዋል። ድንጋይ አያረጅም፣ አይበርደውም፣ በራሱም አይስቅም። እሳቸው ሦስቱንም አደረጉ።

ወደ ቅርብ ጊዜ ልምጣ። ባርክሃድ አብዲ ሶማሊያ ተወልዶ፣ የመን አድጎ፣ ሚኒያፖሊስ ውስጥ የሊሙዚን ሹፌር የነበረ ወጣት ነው። ትወና አልተማረም። በ2013 «ካፒቴን ፊሊፕስ» ላይ የባሕር ወንበዴዎቹ አለቃ ሆነ። ሶማሌ ማለት ወንበዴ በሆነበት ሰሞን ማለት ነው። የፊልሙ ዳይሬክተር ወንበዴዎቹን ካፒቴኑን ከሚጫወተው ከቶም ሃንክስ ጋር ሳያስተዋውቅ አቆይቶ፣ መጀመሪያ የተያዩት የመርከቡን ክፍል ሰብረው ሲገቡ ካሜራ ፊት ነው። አብዲ «እየኝ። አሁን ካፒቴኑ እኔ ነኝ» ያለው ስክሪፕት ላይ አልነበረም። ከራሱ ነው ያመጣው። ይጮሃል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። አይጮህም። ለደነገጠ ሰው እንደሚያስረዳ አድርጎ ቀስ ብሎ ነው የሚለው።

እኔን የሚይዘኝ ግን ሌላ ቦታ ነው። ካፒቴኑ፣ ዓሣ ከማጥመድና ሰው ከመጥለፍ ሌላ ሥራ መኖር አለበት እኮ ይለዋል። «አሜሪካ ይኖር ይሆናል» ይላል አብዲ። ትንሽ ቆይቶ ይደግመዋል። «አሜሪካ ይኖር ይሆናል።» ያው ቃል ነው። የመጀመሪያው ላይ ሹፈት አለ። ሁለተኛው ላይ ድካም። ያን መስመር ለልምምድ ብዬ በአማርኛ ብዙ ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ሁለተኛው ሁልጊዜ ያመልጠኛል። ወንበዴ መሆኑን አልካደም፤ ጠመንጃውንም አላስቀመጠም። ግን ስንት ቀን እንዳልተኛ አሳየን።

እምቢታን አቃልያለሁ ተብዬ እንዳልወቀስ ቻድዊክ ቦስማንን ላንሳ። ገና ወጣት ሳለ በአንድ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ተቀጠረ። የሚጫወተው ልጅ አባቱ ጥሎት የጠፋ፣ እናቱ ሱሰኛ የሆነች ጥቁር ወጣት ነው። ቦስማን ኃላፊዎቹን ጠየቀ። አባቱ የት ሄደ? እናቱ ምን ሆና ነው? ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀው። ተባረረ። ይህንን ራሱ በ2019 በአደባባይ ተናግሮታል። በኋላ «ብላክ ፓንተር» ላይ የአፍሪካ ንጉሥ ሆኖ እንዲጫወት ሲጠሩት፣ ንጉሡ በእንግሊዝ ወይም በአሜሪካ ቅላጼ ይናገር የሚል ሐሳብ መጣ። አይሆንም አለ። ቅኝ ያልተገዛ አገር ንጉሥ ለምን እንደ እንግሊዝ ይናገራል? በደቡብ አፍሪካው የሖሳ ቋንቋ ቃና ተናገረ። ይህ ለተመልካች ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ቅላጼ ለሚቸረችር ሰው ግን ትንሽ አይደለም።

ጸሐፊያችሁ ላይ ለመጨከን የማልችልበት አንድ ምክንያት ደግሞ ቫዮላ ዴቪስ ናት። በ2011 «ዘ ሄልፕ» ላይ የቤት ሠራተኛ ሆና ተጫውታ ለኦስካር ታጨች። ትወናዋ ላይ እንከን አይወጣም። በ2018 ግን ፊልሙን በመሥራቴ እቆጫለሁ አለች። በፊልሙ መጨረሻ የተሰማው የሠራተኞቹ ድምፅ እንዳልሆነ ተሰማት። ፋታ ታሪኩ የማን እንደሆነ አይቀይርም። አርታኢው ሊቆርጣትም ይችላል። እኔ ራሴ በ«ውይ ውይ» እንደቆረጥኳት ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የደረስኩባት ተዋናይት ቤቲ ገብርኤል ናት። በ2017ቱ «ጌት አውት» ላይ ጆርጂና የምትባል የቤት ሠራተኛ ናት። ንጹሕ ልብስ፣ የተስተካከለ ጸጉር፣ የማይጠፋ ፈገግታ። ድሮ የተሰፋው ልብስ ነው፤ ልኩ ተለክቶ። አንድ ትዕይንት ላይ እንግዳው ጥቁር ወጣት፣ ነጭ ሲበዛ አንዳንዴ እፈራለሁ ይላታል። ትጠጋዋለች። ፈገግታዋ እንዳለ እንባዋ ይወርዳል። «ኖ» ትላለች። ደግማ፣ ደጋግማ። ኖ፣ ኖ፣ ኖ፣ አንዱ ሌላውን እየገፋው። ከዚያ እንደ ቤተሰብ ነው የሚያዩን ትለዋለች። ማሚን በ1939 ፊልሙ ያስባላት ሁሉ እዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ገብቷል። አሁን ግን አፏ ሲናገር ዓይኗ አድነኝ ይላል።

ይህን ለሥራ አይደለም፤ ለራሴ በአማርኛ ሞክሬዋለሁ። «ኖ» ሲባል ከንፈር ይሞጠሙጣል። «አይ» ሲባል ወደ ጎን ይሳባል፤ ፈገግታ ይመስላል። ስለዚህ በአማርኛ ፈገግታው ይቀላል፣ አፉን መግጠም ይከብዳል። «በፍጹም» ብዬ ሞከርኩ፤ ረዘመ። «ኧረ» ብዬ ሞከርኩ፤ እንደገና ያቺ ያበላሸኋት ሴት መጣችብኝ። በመጨረሻ ዝም ብዬ ተመለከትኳት።

አሁን ወደ ፎቶው። ከጽሑፉ ጋር ያወጣችሁት የታወቀው ትዕይንት ነው። አንዷ ሴት የአልጋውን ምሰሶ ጨብጣለች፤ ሌላዋ ከኋላ ወገቧን ጥብቅ አድርጋ ታስርላታለች። ከሥሩ «ቪቪያን ሊ ከገረዷ ጋር» ብላችኋል። ቪቪያን ሊ እዚያ ፎቶ ላይ ገረድ የላትም። ያለቻት የሥራ ባልደረባዋ ናት። ሁለቱም በዚያው አንድ ምሽት ኦስካር ተሸልመዋል።

ስሟ ሃቲ ማክዳንኤል ይባላል። በሚቀጥለው እትም እርማት ብላችሁ ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል። ሁለት ቃል ነው፤ ቦታ አይፈጅም። የኔን ስም ባትጽፉትም ግድ የለም። እኔ ለምጄዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የድምፅ ተዋናይ